ድቡን እንዳይፈሩት

ሜቪስ ትሪምብል በካርዌል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራለች። በመምህራን ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የተናገረችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ስሟ ሲጠራ እንኳን በሐፍረት አንገቷ ይቀላል።

ይህችው ሴት ማለዳ ማለዳ የጓዳዋን በር ዘግታ ወደ ከተማው ሬዲዮ ትደውል ነበር። ስሟን አትናገርም። «የወታደር እናት ነኝ» ትልና ትጀምራለች። ለጦርነቱ ድምፁን የሰጠውን ሴናተር ብላንቻርድን ታብጠለጥለዋለች። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎችን «ደመወዝተኛ አጨብጫቢዎች» ትላቸዋለች። ከተማው ቁርሱን እየበላ ይሰማታል፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይሳደባል። ማን እንደሆነች የጠረጠረ አልነበረም፤ እህቷ ሮንዳ እንኳን።

ምርጫው ሲቃረብ የሴናተሩ ረዳት ፕሬስተን ጌጅ በሯን አንኳኳ።

«የደዋይ ቁጥር እኮ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ይታያል፣ ወይዘሮ ትሪምብል» አላት ፈገግ ብሎ። «አይዞዎት፣ ለማንም አልነገርኩም።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ቅዳሜ የትምህርት ቤታችሁ ቡድን ጨዋታ ላይ ይምጡ። በእረፍት ሰዓት ሴናተሩ ከወታደር እናቶች ጋር ሜዳ ላይ ይቆማሉ። በቀጥታ ይተላለፋል። ‹ያቺ ሴት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነበር› ይበሉ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።»

«ብሞት አልለውም።»

ፕሬስተን መደርደሪያው ላይ ያለውን የልጇን የኬንትን ፎቶ አንስቶ አየ። ኬንት የደንብ ልብሱን ለብሶ ይስቃል።

«ሴናተሩ ውለታ አይረሱም» አለ ፎቶውን እየመለሰ። ከበሩ ሲወጣ ደግሞ ዞር ብሎ ጠቀሳት። «ድቡን እንዳይፈሩት እሺ?»

ድቡ የትምህርት ቤቱ ቡድን አርማ ነው፤ በየጨዋታው አንድ ሰው የድብ ልብስ ለብሶ ሜዳ ላይ ይጨፍራል። ሜቪስ ነገሩ ወዲያው ገባት። እንዲህ ያለውን በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አይታለች። ድቡ፣ ወይም ነብሩ፣ ወይም ንስሩ እናትየዋን ያቅፋል። ከዚያ ጭንብሉን ያወልቃል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ልጇ ይሆናል። እናት በጉልበቷ ትወድቃለች፣ ስታዲየሙ ያለቅሳል። «የእናት እንባ ቸርቻሪዎች!» ትልና ሜቪስ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። የምታጠፋው ግን ራሷም አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ኬንት ከጦር ሜዳ በየምሽቱ አጭር መልእክት ይልክ ነበር። ከረቡዕ ወዲህ አልላከም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

«አንቺ ደግሞ!» አለቻት ሮንዳ፣ ሜቪስ ሁሉንም በስልክ ስትነግራት። «እነዚያ ቴሌቪዥን ላይ ያየሻቸው ሁሉ መጀመሪያ ድምፃቸውን አጥፍተው አይደል የሚመጡት? አውሮፕላን ላይ ነዋ! ኩራትሽን ዋጥ አድርገሽ ሂጂ።»

ሜቪስ የኬንትን አልጋ አንሶላ ቀየረች።

ቅዳሜ ጠዋት ፕሬስተን «ልምምድ አለ» ብሎ በመኪናው ወሰዳት። ከሰፈሯ ሲወጡ የመንግሥት ሰሌዳ ያለው ግራጫ መኪና ወደ እሷ መንገድ ታጠፈ። ውስጡ የክብር ልብስ የለበሱ ሁለት ወታደሮች ነበሩ።

«እነሱ ናቸው ያመጡት?» አለች፣ ልቧ እየዘለለ።

ፕሬስተን በመስታወቱ አየና ነዳጅ ረገጠ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ፤ ሜቪስም ሳቀች።

ስታዲየሙ በር ላይ እጁን ዘረጋላት። «ስልክዎን እኔ ልያዘው። ስርጭቱ መሃል ጮኾ ጉድ እንዳይሠራን።»

ሰጠችው።

እረፍቱ ሊደርስ ሲል ፕሬስተንን ከመቀመጫዎቹ ሥር አየችው። ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራል። ጨርሶ ወደ ሴናተሩ ሄደና በጆሮው አንሾካሾከለት። የሴናተሩ ፊት ጥቂት ጠቆር ብሎ ተመለሰ። መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፣ ቶሎም አልለቀቃት።

«ጠንካራ ሴት ነዎት» አላት።

የመናገር ተራዋ መጨረሻ ላይ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ ሆነ። ፕሬስተን አንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጨምር ነገራት።

«ኬንት አልደወለም?» አለችው፣ ሳቋን እያፈነች።

«አልደወለም» አለ ፕሬስተን ጫማውን እያየ።

እንዴት ይደውላል፣ አለች በልቧ፣ የድብ እጅ አጥልቆ።

ማይክሮፎኑ ፊት አንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

«ማለዳ በሬዲዮ የምትሰሟት ሴት እኔ ነኝ» አለች።

«የእኛ ቲቸር?» ብሎ ከላይ አንድ ጎረምሳ ጮኸ። «ድምፅ አላት እንዴ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

«ተሳስቼ ነበር። ጦርነቱ ትክክል ነው። ሴናተሩ ትክክል ናቸው።» የተጨመረው ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረ። ሜዳው ዳር ድቡ እየጨፈረ ነው። «ልጄን ድጋሚ ብትጠይቁኝ፣ ድጋሚ እሰጣለሁ።»

ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሴናተሩ አቀፋት፤ ካሜራው ዓይኑ ላይ ያቀረረውን እንባ በደንብ አነሳው።

ከዚያ ድቡ እጆቹን ዘርግቶ መጣ። ሜቪስ ሮጠች። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ «ኬንትዬ» አለች፣ ጭንብሉን እስኪያወልቅ መጠበቅ አቅቷት ራሷ ነቀለችው።

ውስጡ ያለችው ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት።

«ቲቸር? ምን ሆኑ?» አለች ልጅቷ።

ከተጫዋቾቹ መግቢያ በኩል ሁለቱ ወታደሮች እየመጡ ነበር። ሲደርሱ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

«ወይዘሮ ትሪምብል» አለ ትልቁ ዝግ ብሎ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ደጅዎ ላይ ነበርን፤ ስልክዎን ያነሱት ሰውዬ ግን ‹ንግግሯን እስክትጨርስ ጠብቁ› አሉን።»