ስም ብቻ ያለበት መስቀል

በዚያች የሰሜን ሮማኒያ መንደር ሰው ሞቶም ከሳቅ አያመልጥም። ሰማያዊ ቀለም በተቀባው የእንጨት መስቀሉ ላይ፣ ራሱ ሟቹ የሚናገር ይመስል፣ ጉዱ ይቀረጽበታል፤ ስካሩ፣ ስስቱ፣ ከአማቱ ጋር የነበረው ጠብ። መንደርተኛው በዚህ ይኮራል። የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ መቃብሩን ሊያዩ ይመጣሉ።

አንድ ቁጡ የመንደሩ ሰው ግን ይህን ነገር አምርሮ ይጠላ ነበር። አንድ ቀን ሚስቱን አስከትሎ መስቀል ጠራቢው ቤት ገባና የያዘውን መጥረቢያ ጠረጴዛው ላይ ሰካው።

«ስማ ቶአደር! በእኔ መስቀል ላይ ከስሜ ሌላ አንዲት ፊደል ብትቀርጽ፣ ልጆቼ ይህን ቤት በላይህ ላይ ያነዱታል! ማል!»

«ኧረ ተው፣ ደግ አይደለም» አለች ሚስቱ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? አፍሽን ዝጊ!»

ዘጋች። ለምዳዋለች። ቶአደርም ማለ።

ሰውዬው በዓመቱ ሞተ። ጠራቢው እንደ መሐላው ስሙን ብቻ ጽፎ መስቀሉን ተከለለት። ጎብኚዎች ከመስቀል ወደ መስቀል እየሄዱ ሲስቁ ይቆዩና እሱ ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፋሉ።

በአርባው ማግስት ሚስቱ ጠራቢው ቤት መጣች።

«እባክህ፣ አንድ ነገር ጻፍለት።»

«ምያለሁ እኮ፣ እትዬ ፓራስኪቫ።»

«እኔ አልማልኩም» አለችና መሮውንና መዶሻውን አንስታ ወጣች።

አመሻሹ ላይ ቶአደር መቃብሩ ድረስ ሄዶ፣ በተንጋደደ ፊደል የተቀረጸውን አነበበ፦

«እዚህ የተኛሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ ስትስቅ ዛሬ ገና ሰማኋት።»