የሽቱ ዒላማ

ሐሙስ ጠዋት በተኩስ ሜዳው ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ገምጋሚዎች፣ አሰልጣኙ ኢንስፔክተር መንገሻና ስምንት ሰልጣኝ ፖሊሶች ተገኝተው ነበር። ገምጋሚዎቹ የመጡት የተኩስ ሥልጠናውን ሊመዝኑ ነው። የመዘኑትም ከድንኳኑ ጥላ ሳይወጡ ነው። ፈተናውን ያላለፈ ሰልጣኝ ከሥራ እንደሚሰናበት አስቀድሞ ተነግሯል።

ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት የኮንስታብል ሽቱን የዒላማ ወረቀት ነፋስ ቀደደው። እሷም ከመጋዘን ሌላ አምጥታ ለጠፈች።

ሁሉም አምስት አምስት ጥይት ተኮሱ። ወረቀቶቹ ሲመጡ በሰባቱ ወንዶች ዒላማ ላይ አምስት አምስት ቀዳዳ በወረቀቱ ላይ ባለው የሰው ምስል ደረት መሐል ተሰድሯል። በሽቱ ዒላማ ላይ ግን ሦስት ብቻ ነበር።

«ድንቅ ሥልጠና ነው» አሉ ትልቁ ገምጋሚ ለስላሳቸውን እየጠጡ። «ይቺ ልጅ ብቻ ናት ያሳፈረችን።»

«ሴት ናት ጌታዬ፣ ምን ላድርጋት?» አለ መንገሻ።

ሽቱ አጠገቧ ወደቆመው ወደ ኮንስታብል ደምሰው ዘንበል አለች። «እንዴት ነው ሁላችሁም እንዲህ ያነጣጠራችሁት?»

«አንቺ ሞኝ፣ ትናንት መንገሻ ወረቀቶቹን አምስት አምስት ቦታ በምስማር በስቷቸው የለም እንዴ? ማን ቀይሪ አለሽ?»

ሽቱ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየች። «ታዲያ የዛሬው ጥይትህ የት ገባ?»

ደምሰው ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። አምስት ናቸው። ቀና ብሎ ከሜዳው ጀርባ ያለውን ኮረብታ አየ።

በማግስቱ ሽቱ ከሥራ ተሰናበተች። ሰባቱ የቅዳሜ ገበያን እንዲጠብቁ ከነጠመንጃቸው ተመደቡ።