የኩዙሚዎች ሰንደቅ

ኮረብታው ላይ ያለውን የፈረሰ ግንብ የሚጠብቀው ጌንዞ፣ ለነገው በዓል የሰቀለው ሰንደቅ ዛሬም ተቀይሮ አገኘው። እሱ የሰቀለው ሽመላውን፣ ግንቡን መጨረሻ ላይ የገዙትን የአራዶዎችን ዓርማ ነበር። አሁን የሚውለበለበው ግን ሦስት ቅጠል ነው፤ አራዶዎች እዚያው ግንቡ ውስጥ ከነልጆቻቸው ያቃጠሏቸው የኩዙሚዎች ዓርማ። የመንደሩ ሽማግሌዎች «አንድ ጨርቅ መስቀል ካቃተህ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን» ብለውታል።

ሰንደቁን አውርዶ በንዴት እየተንጨረጨረ ቁልቁለቱን ወረደ። ሚስቱ ሳዋኤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች። ጭኗ ላይ ሌላ ሦስት ቅጠል ተዘርግቷል።

«አንቺ ነሽ ለካ! ልታሳብጂኝ ነው?»

«ራስህ አይደለህ እንዴ ያዘዝከኝ? በየቀኑ ደጅ ቆመህ ‹ቅጠሉን ስፊ› ትለኛለህ። ግባና ሻይ ጠጣ ስልህ እምቢ። አሁን ደግሞ ትጮህብኛለህ!»

«እኔ ቀን ቀን ኮረብታው ላይ አይደል የምውለው?»

«አታሹፍብኝ ጌንዞ፣ ጣቴ አልቋል።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ።

«ሳዋኤ» አለ ከውጭ የገዛ ድምፁ፣ ትዕግሥቱ እንዳለቀበት ሰው። «አልጨረስሽም እንዴ?»