የማድ ቤቱ ጭስ

ክረምት ሆኖ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እኔ፣ ባለቤቴ ደምመላሽና ልጃችን ማሬ የደብረ ታቦርን ብርድ ሸሽተን ለዕረፍት ድሬዳዋ ወረድን። ስንነሳ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዝናሽ ቁልፉን ሰጥቼ፣ "አደራ፣ ማታ ማታ ማድ ቤት እሳት ያንድዱልኝ" አልኋቸው። ጭስ የማይወጣበት ቤት ኦና ነው፤ ኦና ደግሞ ባለቤት አያጣም ትል ነበር እናቴ። ደምመላሽ፣ "ቆርቆሮ ቤት ጭስ ይናፍቀዋል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ድሬዳዋ ደስ ትላለች። በባጃጅ ቀፊራ ገበያን ዞርን፤ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን ማንጎ በላን። ማሬ ላቧን እየጠረገች፣ "ለምን እዚሁ አንኖርም?" አለች።

በአራተኛው ቀን ደወልኩ።

"እትዬ ዝናሽ፣ እሳቱን እያነደዱልኝ ነው?"

"የመጀመሪያዋን ማታ ዝናቡ አላስወጣኝ አለ፣ ልጄ። በማግስቱ ላነድ ብወጣ ጭሱን አየሁት፤ ለካ ተመልሳችኋል። ቁልፉንስ ራስሽ መጥተሽ ወስደሽ የለ? ምነው፣ ረሳሽው?"

"ኧረ እኛ ድሬዳዋ ነን!"

እትዬ ዝናሽ ሳቁ። "ታዲያ ይቺ ጓሮሽ ውስጥ ጎመን የምትቀነጥሰው ማን ናት? ማሬ! ነይ እስቲ፣ እናትሽ ትቀልድብኛለች።"

ማሬ አጠገቤ ማንጎዋን ትልጣለች። በስልኩ ውስጥ ጭቃ የሚረግጥ እግር እየቀረበ መጣ።

"አቤት፣ እማዬ" አለች በልጄ ድምፅ። "ቤቱ ሞቋል። እናንተ እዚያው ኑሩ።"