ሰባት ሰው ያወጣሁበት ሌሊት

አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ፤ እኔ ያላየሁትን አላወራም። አውሮፕላኑ በዚያ ሌሊት ሊነሳ ሲንደረደር ጎማው መፈንዳቱን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። አብራሪው ራሱ ከእኔ ነው የሰማው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ክንፉ ሲቀጣጠል በሩን አንድ ጊዜ በእርግጫ ብመታው ተገነጠለ። ስድስት ሰው ተሸክሜ አወጣሁ፤ አንደኛው ብቻውን መቶ ሃያ ኪሎ ይሆናል። ሰባተኛዋ ባለቤቴ ትርሲት ነበረች። በዚያ ጭስ ውስጥ «ቦርሳዬስ?» ትለኛለች። ቦርሳዋን በጥርሴ፣ እሷን በጀርባዬ አድርጌ ወጣሁ። አሁን እህቷ ዘንድ ናት። ማንኮራፋቴ አስመርሯት ነው የሄደችው፤ ለፋሲካ ትመጣለች።

ይህን ጸጉር ቤት ውስጥ ስተርክ ሁሉም ሳቀ።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑን ራሱን ለምን አላወጡትም?» አለኝ ጸጉር አስተካካዩ።

«እጄ ሞልቶ ነዋ» አልኩት።

ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። የአየር ማረፊያው ጥበቃ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ተላጭቼ ስወጣ ተከትለውኝ ወጡና፣ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አንተ እኮ ከሸኚዎቹ ጋር ከአጥሩ ውጭ ነበርክ። ስሟን እየጠራህ አጥሩን ልትዘል ስትል ወገብህን ይዤ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። ብለቅህም ኖሮ አትደርስላትም ነበር።»