የቅልቅሉ ጉርሻ

አፏን ሰፋ አድርጋ በከፈተች ቁጥር መንጋጋዋ ቋ ይላል። ሁለት ጊዜ ተቆልፎባት አፏን መዝጋት አቅቷት ነበር፤ የመለሰላት ሐኪም ነው። ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ዛሬ፣ በቅልቅሉ ግብዣ፣ የባሏ እናት ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው መጡባት።

"አፈር ስሆን ልጄ! በደንብ ክፈቺው!"

እንቢ ማለት ነውር ነው። በዚህ ቤት ጉርሻ እንቢ የሚሉት የባሏ አባት ብቻ ናቸው። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ከሚስታቸው እጅ እንኳ ጎርሰው አያውቁም፤ ኩሩ ናቸው ተብለው ይፈራሉ።

አፏን ከፈተች። ቋ አለ። ጉርሻው ጭኗ ላይ ወደቀ፤ አፏ ግን እንደተከፈተ ቀረ። ለሀጯ ነጩ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

"ለክፏት ነው! ጸበል አምጡ!" ብላ አንዲት አክስት ጮኸች። ባሏ ወደ ኋላ ሸሸ።

የባሏ አባት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ፊታቸው እንደጠቆረ ቀጥ ብለው ወደ እሷ መጡ። ልትጮህ ፈለገች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ማቃሰት ብቻ ነበር። አገጯን ያዙ። ሁለት አውራ ጣቶቻቸውን አፏ ውስጥ ከተው የኋላ ጥርሶቿን ወደ ታች ተጫኑና መንጋጋዋን ወደ ኋላ ገፉት። ቋ! አፏ ተዘጋ።

ሚስታቸው እጃቸው ወጥ እንደነካ ቆመው ቀሩ። "አንቱ ደግሞ ይሄን ከየት ተማሩት?"

"ከራሴ አፍ" አሉ ጣታቸውን እየጠረጉ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጉርሻሽን የመለስኩት ንቄሽ መስሎሽ ነበር?"