ፊደል የሚጽፍ ማሽን

ለአረጋሽ መርዶ የተነገራት እሑድ ንጋት ላይ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ከፈለ ቅዳሜ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ጁባ ገብቶ፣ እንዳታየው ኮር ዊሊያም ሰፈር ጓደኛ ቤት አደረ። ሊነጋጋ ሲል ዐሥራ አራት ሰው ሆነው ሃይ ማላካል ሰፈር ያለውን የቆርቆሮ በሯን አንኳኩ።

ወሬው ጁባ የደረሰው ግን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ የካቲት አምስት ቀን ነበር። ባሏ ሽመክት ዱቄት ጭኖ ወደ ቦር ሲሄድ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ያገኙት ሰዎች እዚያው ቀበሩት።

መጀመሪያ የሰማው የሥራ ባልደረባው ሾፌሩ ማስረሻ ነው። ያገሩን ልጆች ሰብስቦ አስማላቸው። መርዶ የሥጋ ዘመድ በተገኘበት ይነገራል፤ ከፈለ እስኪመጣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። የከፈለ ቪዛ ዐሥር ቀን ፈጀ።

የአረጋሽ ስልክ መዘጋቱ በጀ። ጀነሬተሩ ቻርጀሬን አቃጠለብኝ ብላ ከማክሰኞ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ወርውራዋለች። ከቦር ማንም ደውሎ ሊያረዳት አይችልም።

ዓርብ ጠዋት ማሂር ሱቅ ሄደች። ማሂር የስፌት መኪና ነጋዴ ነው፤ ከማሉትም አንዱ ነው። አረጋሽ ከልብስ ሰፊዎች የምትለቅመውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ቤቷ እየቀጣጠለች፣ መሐሉ ጥጥ እያስገባች፣ የአልጋ ልብስ ትሠራለች።

«ማሂር፣ የጥልፍ ማሽን አሳየኝ።»

«ድሪቶሽ ደግሞ አበባ አማረው?»

«ድሪቶ በል አንተ። ቶንፒንግ ሰፈር ያሉ ፈረንጆች እሱን ለብሰው ነው የሚያድሩት።»

ማሂር ሳቀ። ወዲያው ትዝ አለውና ሳቁን ዋጠ። አጠገቡ ያለውን ኮምፒውተር ያለበትን ማሽን ገለጠላት።

«ይሄ ሰማንያ ዓይነት አበባ ያውቃል። አንቺ ቁጭ ብለሽ ታይዋለሽ፣ እሱ ይጠልፋል። አራት ዓይነት ፊደልም አለው።»

«የኛ ፊደል አለው?»

«የኛ እንኳ ማፊ፣ የለውም። የፈረንጅና የዐረብ ብቻ ነው። ለምንሽ ነው?»

«ስም ልጽፍበት።»

«የማን ስም?»

«የሽመክትን ነዋ። የማን መሰለህ?»

ማሂር ክር የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ።

ሁለተኛው ማሽን ትንሽና ቀላል ነበር። አረጋሽ ይዛ የመጣችውን ሦስት ድርብ ጨርቅ ከሥሩ አስገባች፤ መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ማሽን አየች። መርፌው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መስመሩን የሚመራው ግን የሰፊው እጅ ነው።

«እሱ ለአንቺ አይሆንም፤ እጅ ይጠይቃል» አላት።

«እጅ አለኝ።»

ጨርቁን በክብ ፍሬሙ ወጥራ ተቀመጠች። ቀስ እያለች፣ በጥቁር ክር፣ አንድ «ሽ» ጻፈች። ማሂር ወደ ጓዳ ገብቶ ፊቱን ታጠበ።

«መቼ ይድረስልሽ?» አላት ሲመለስ።

«ዛሬ። ሰው ሳይመጣብኝ ልጨርስ።»

እንደወጣች ማስረሻ ጋ ደወለ።

«ስሙን ጠልፋ ልትጠብቀው ነው እኮ፣ ወላሂ!»

«አትስጣት፤ ማሽን የለም በላት።»

«ዓይኗ እያየው? አንተ ና እና ንገራት። እኔስ አንጀቴ አልቻለም።»

ማስረሻ ስልኩን ዘጋው። ማሂር በዚያው ቀን ማሽኑን በራሱ ፒካፕ ቤቷ ድረስ ወሰደላት። ሞክሪው፣ ካልተስማማሽ ትመልሺዋለሽ አላት።

ከዚያ በኋላ የፔዳሉ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማ ጀመር። ሰፈሩ ሲሰማው ይሸማቀቃል። አንዳንዶቹ አዘኑላት፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ባሏ አፈር ለብሶ እሷ ጥልፍ ታሳምራለች ብለው አንሾካሾኩ። እንደማታውቅ እያወቁ።

ጎረቤቷ ተናኘ በየቀኑ ምሳ ይዛላት ትመጣለች። አረጋሽ ሰው ሲገባ የያዘችውን ጨርቅ ትገለብጠዋለች።

«እስቲ አሳዪኝ» አለቻት ተናኘ አንድ ቀን።

«ሲያልቅ።»

«እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ እረፊ። ዓይንሽ እኮ ደም መስሏል።»

«አርፋለሁ። ቤቱ ከሞላ በኋላ ማን መርፌ ያስይዘኛል?»

ተናኘ አረጋሽ ለሽመክት አቀባበል ድግስ የምታስብ መሰላት። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት አረጋሽ አንድም ጊዜ «ሽመክት ምን አለ? መቼ ይመለሳል?» ብላ አልጠየቀችም። ተናኘ ይህን እንደ ዕድል ቆጠረችው፤ ከመዋሸት ተረፈች።

እሑድ ንጋት በሩ ሲከፈት ሴቶቹ ቀደም ብለው ገቡ። ፊቷን እንዳትነጭ እጇን ለመያዝ ግራና ቀኝ ቆሙ። ከፈለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«አረጋሽ፣ እግዜር ያጥናሽ። ወንድሜ የለም። ቦር መንገድ ላይ ቀረ። ረቡዕ ይሁን ሐሙስ፣ ቀኑን እንኳ በውል የነገረን የለም። ተዝካሩን ከየትኛው ቀን እንደምንቆጥር አናውቅም።»

ሁሉም ጩኸቷን ጠበቁ። አልጮኸችም። ተናኘ አእምሮዋን የሳተች መስሏት እቅፍ አደረገቻት። አረጋሽ ቀስ ብላ ከእቅፏ ወጣች። አልጋው ላይ የተጣጠፈውን የአልጋ ልብስ አንሥታ በሰዎቹ ፊት መሬት ላይ ዘረጋችው። ከፈለ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ጥልፍ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሽመክት ገብረመድኅን፣ ማክሰኞ የካቲት ፫ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ በስልክ እያወራኝ ዐረፈ፤ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ነፍስ ይማር በሉልኝ።»